ብቻውን የታገለ አይወድቅም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቶሚ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ በተባለው የትግል ድርጅት ታጋዮች ስም አንድ የቪዲዮ ጌም ሊያወጣ ተነሣ። ጌሙንም «ጌኪቶ ዴንሴትሱ» አለው፤ በእኛ ቋንቋ «የብርቱ ፍልሚያ አፈ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። መልአኩ ቃሉን አላጠፈም። ጌሙ እውነትም አፈ ታሪክ ሆነ፤ ሲወራ ተሰማ፣ ሱቅ ውስጥ ግን ማንም አላገኘውም። ሌላው ጌም አፈ ታሪክ ለመባል መሠራት፣ መሸጥ፣ መወደድ፣ ከዚያም ማርጀት አለበት። ይኼኛው ያን ሁሉ ውጣ ውረድ ትቶ በአቋራጭ ደረሰ።

የተሰረዘ ጌም በተነሣ ቁጥር ደረት የሚመቱ፣ «ወይኔ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ!» እያሉ ሙሾ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። እኔ ለቅሶ ልደርስ አልመጣሁም፤ ላመሰግን እንጂ። የማንንም ዓይን ሳያቀላ፣ የማንንም ኪስ ሳያራቁት፣ የማንንም አንገት ሳያጣምም በክብር የቀረ ጌም ነውና።

የታጨበትን ቤት እንይ። ሙሽራው ቨርቹዋል ቦይ የተባለው የኔንቴንዶ የጌም ማሽን ነበር። ሽማግሌ ልኮ ዘሩን ለሚያስጠይቅ ሰው እንከን አይወጣለትም፤ አባቱ ጉንፔ ዮኮይ ናቸው። ጌም ቦይን የሠሩት፣ ዛሬ በየጆይስቲኩ ላይ አውራ ጣታችን የሚያርፍበትን ያን የመስቀል ቅርጽ ቁልፍ ያመጡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ቤት ልጁን የሚከለክል አባት የለም። በኖቬምበር 1994 ሙሽራው በንግድ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየ። በጁላይ 21 ቀን 1995 በ15,000 የን ጃፓን ገበያ ገባ። ዲሴምበር ላይ፣ የአውሮፓውያኑ ገና ሳይደርስ፣ የመጨረሻዎቹ የጌም ካርትሪጆች ወጡለትና በአገሩ ነገሩ አበቃ። ስምንት ወር ተወራለት፣ አምስት ወር ኖረ። ጭፈራው ከትዳሩ የረዘመ ሠርግ ማለት ይኼ ነው። አሜሪካም በ180 ዶላር ገደማ ተድሮ ነበር፤ እዚያ እስከ 1996 መጀመሪያ ድረስ እየተንገታገተ ቆየ። በሁለቱም አገር የተሸጠው ሁሉ ቢደመር 770,000 ገደማ ነው፤ የወጡለት ጌሞች ደግሞ 22።

በደረቅ ቁጥር ብቻ እንዳንፈርድበት አሠራሩን ላስረዳ፤ ጥበቡ የሚገባው እንደሱ ነው። በማሽኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓይን 224 ጥቃቅን ቀይ መብራቶች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው ያለች ትንሽ መስታወት ወዲያና ወዲህ በፍጥነት እየተወዛወዘች ያቺን አንዲት መስመር ትዘረጋትና ወርዱ 384፣ ቁመቱ 224 ነጥብ የሆነ ሙሉ ምስል ታስመስላታለች። ለግራና ለቀኝ ዓይን ጥቂት የሚለያይ ምስል ስለሚደርስ አእምሮ ጥልቀት ያለው ዓለም ያየ ይመስለዋል። ብልሃቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከነበረ ሪፍሌክሽን ቴክኖሎጂ ከሚባል ድርጅት የመጣ ነው። ለምን ቀይ ብቻ? ቀይ መብራት ርካሽ ነዋ! ባትሪ ድንጋይም ቶሎ አይጨርስም። ሰማያዊው በዚያን ጊዜ ገና ውድ ነበር። እናም ሰማዩ ቀይ፣ ሣሩ ቀይ፣ ኳሱ ቀይ፣ የማሪዮ ጢም ቀይ፤ የቀረው ሁሉ ጥቁር። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጫዋቹም ዓይን ቀይ። ዕቃና ባለቤት እንዲህ ተመሳስለው አያውቁም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ሬስሊንግ ሊጫን ነበር። ሬስሊንግ ደግሞ ያለ ቀለም አይቆምም፤ ጭምብሉ፣ ካባው፣ ቁምጣው ነው ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ለሚያየው ሰው ማን ማን እንደሆነ የሚነግረው። ከኒው ጃፓን ከዋክብት አንዱ ኬይጂ ሙቶ ነበር፤ ፊቱን ተቀብቶ «ግሬት ሙታ» ሲሆን በተጋጣሚው ዓይን ላይ አረንጓዴ ጉም ይተፋል። የሰውየው መታወቂያ እሷ ናት። በቨርቹዋል ቦይ ላይ ቢሰለፍ ያቺ አረንጓዴ ጉም ምን ትሆን ነበር? ቀይ። ቀይ ሰው፣ በቀይ ሰው ፊት ላይ፣ ቀይ ነገር ይተፋል፤ ዳኛውም ቀይ ነው። ጁሺን ታንደር ላይገርን የመሰለ ቀይና ነጭ የሚለብስ ታጋይ ብቻ ግማሽ ልብሱን ያተርፍ ነበር። ታዲያ እነዚያን ታጋዮች ከዚህ ውርደት ያዳናቸውን ስረዛ ላመስግን ወይስ ልርገም?

የአንገቱ ነገርም አለ። ማሽኑ መነጽር ነው እንዳይባል ራስ ላይ አይታሰርም፤ ቴሌቪዥን ነው እንዳይባል ለሁለት አይታይም። ጠረጴዛ ላይ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይቀብርበታል። ከሩቅ ላየው ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚያለቅስ ይመስላል፤ የከፈለው ትዝ ሲለው እውነትም ሳያለቅስ አይቀርም። በሬስሊንግ የሰውን አንገት አጎንብሶ ይዞ እስኪዝል ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኔንቴንዶ ይህን ሙያ ያለ አንዳች የሬስሊንግ ካርትሪጅ፣ በዕቃው ቅርጽ ብቻ አቀረበልን። ተጫዋቹ የሚታገለው ከማሽኑ ጋር ነበር፤ የሚያሸንፈውም ማሽኑ ነው።

አምራቹ ደግሞ አዛኝ ነው። ጌሙ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ራሱን እንዲያቆምና ተጫዋቹ ዓይኑን እንዲያሳርፍ የሚያደርግ ምርጫ አስገብቷል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይጠቀምበትም አስጠንቅቋል። ስሙ «ቦይ»፣ ማስጠንቀቂያው «ልጅ አይድረስበት»! እኔ ይህን የመሰለ ቅንነት አይቼ አላውቅም። ራት ጋብዞ «እህሉን ብዙ አታላምጠው፣ ሆድህን ይነካህ ይሆናል» የሚል ጋባዥ ብታገኙ ምን ትሉት ነበር? በኒው ጃፓን የሻምፒዮና ግጥሚያ የጊዜ ገደቡ 60 ደቂቃ ነው። አስቡት፤ ሁለቱ ታጋዮች ለሃያ ስምንት ደቂቃ ተናንቀው፣ አንደኛው ሊወድቅ ሁለተኛው ሊጥል ሲል ማሽኑ «አሁን ደግሞ ትንሽ እንረፍ» ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብቸኝነቱ ነው። ትግል በባሕርዩ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ይህን ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፣ የከብት እረኞችን መስክ ላይ ማየት ይበቃል። ቨርቹዋል ቦይ ከሆዱ ሥር ሁለት ማሽኖችን የሚያገናኝ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው። ገመዱ ግን በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ለገበያ አልቀረበም። ቀዳዳው ነበረ፤ ገመዱ «በቅርብ ቀን» ነበረ። በር ተሠርቶለት ደረጃ ያልተሠራለት ፎቅ ማለት ነው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ ብቻውን የታገለም አይወድቅም። ተመልካችም የለውም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ የሚያየው የተጫዋቹን ማጅራት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1995፣ ያው ኒው ጃፓን ቶኪዮ ዶም ውስጥ ሙቶን ከኖቡሂኮ ታካዳ ሲያጋጥም 67,000 ሰው መግባቱ ተነገረ። 67,000 ሰው አብሮ የሚጮህበትን ነገር ወስዶ አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እንዲያየው ማድረግ! ለዚህ ሐሳብ ሽልማት ቢኖር ከኮሚቴው አልቀርም ነበር።

እስካሁን ያልኩት ስለ ዕቃው ነው፤ ዕቃ ደግሞ ይሳሳታል፣ ሰው ነው የሠራው። ምስጋናዬ የሚጠነክረው ለሙያው ነው፤ «በቅርብ ቀን» ለሚባለው ሙያ። የኛ ፊልም ፖስተሮች ያውቁታል፣ ግንባታው ያልተጀመረ ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ሸራም ያውቀዋል። የጌም ኩባንያዎች ግን ወደ ረቂቅ ጥበብ አሳደጉት። ቨርቹዋል ቦይ ጃፓን ገበያ በገባበት ዕለት አብረውት የወጡት ጌሞች አምስት ነበሩ። አንዱ ማሪዮ ቴኒስ የሚጫወትበት፣ አንዱ ሮቦቶች ቦክስ የሚገጥሙበት፣ እንዲያ እንዲያ። ታዲያ 15,000 የን የከፈለው ሰው ለአምስት ጌም ነው የከፈለው? አይደለም። የከፈለው ለዝርዝሩ ነው። ይመጣል ለተባለው፣ ስሙ ለተጻፈው፣ ታጋይ ለሚወዱት ታጋይ፣ መኪና ለሚወዱት መኪና እየተባለ ለተሞላው ዝርዝር። ያልተሠራው ጌም ነው የተሠራውን ማሽን የሸጠው። የተሠራውማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ራስ እያሳመመ ነበር።

ዝርዝሩ ሲነገር ከበሮ ይመታል፣ መብራት ይበራል፣ መጽሔት ያትማል። ሲሰረዝስ? ዝም። ልደቱ ላይ የተጠሩት ሁሉ ለቀብሩ አይጠሩም፤ ጡሩምባ ነፊ የለም፣ ዕድር የለም፣ ድንኳን የለም። «ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል» የሚል ሰው ብቅ አይልም። «በቅርብ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ አንድ ቀን ዓይንህን አሽተህ ስታይ የለም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ቀርቶብኛል፤ የቀረው ሰው ቢያንስ ታክሲ አጣሁ ብሎ ይዋሻል። እነዚህ ለውሸቱም አይቸገሩም።

ሬስሊንግን «ውሸት ነው» እያሉ የሚያናንቁ አሉ። እኔ ከዚህ ንግድ ጋር ሳስተያየው ሬስሊንግ የታመነ ሥራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተነጋግረውበታል፤ ግን የሚወድቀው ታጋይ መውደቁን ያውቃል፣ ለመውደቁም ይከፈለዋል፣ ተመልካቹም ገብቶት ነው የሚጮኸው። በጌም ማሽን ገበያስ? ማሽኑ እንደማይቆይ የጠረጠረው አምራች ያውቃል፣ ሐሳቡን ወደ ቀጣዩ ማሽን ያዞረው አለቃ ያውቃል (ኔንቴንዶ 64 በጁን 1996 ጃፓን ገብቷል)፤ እንዲወድቅ የተመረጠው ሰው ብቻ አልተነገረውም። ያ ሰው ገዢው ነው። ሳይነገረው ይወድቃል፤ ለመውደቁም ራሱ ይከፍላል።

ለዮኮይ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ይህ ሽሙጥ አይደለም። ርካሽና የታወቀ ዕቃን በአዲስ መላ መጠቀም የሰውየው እምነት ነበር፤ ጌም ቦይ የዚያ እምነት ፍሬ ነው። በኦገስት 1996 ኔንቴንዶን ለቀው ወጡ፤ በኦክቶበር 1997 በመኪና አደጋ ሞቱ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሰው አንስቶ የሚስቀው በአንዱ ነው። ሥራ የማይጨርሱ ሰዎች ይህ አይገጥማቸውም።

ለነገሩ ጌም ጨርሶ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ምስክር አለ። ያው ቶሚ በ1995 በዚያው በኒው ጃፓን ስም ሌላ የሬስሊንግ ጌም ለፕሌይስቴሽን አወጣ፤ «ቶኮን ሬትሱደን» ይባላል፤ የሠራው ዩክስ የተባለ የኦሳካ ድርጅት ነው። ዩክስ ጥበብ ጎድሎት ጌሙን ጨረሰው። ተሸጠ። ተወደደ። ከዚያ ጣጣው መጣ፤ አሜሪካኖች ጠሩትና በ2000 «ስማክዳውን» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ። የአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጆይስቲኩ ቁልፉ እስኪወጣ የተደበደበው፣ «ተራዬ ነው!» እየተባለ ቲሸርት የተቀደደው በዚያ ጌም ነው። ይህ ሁሉ ጫጫታ አንድ ኩባንያ ሥራውን በመጨረሱ የመጣ ጥፋት ነው። በዚህም አላበቃም። በ2005 ዩክስ የኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን ከግማሽ በላይ ድርሻ ከመሥራቹ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ገዝቶ፣ የእውነተኞቹ ታጋዮች አለቃ ሆነ። በ2012 ቡሺሮድ ለተባለ ድርጅት እስኪሸጠው ድረስ የእውነተኛ ጉልበት ስብራት፣ የእውነተኛ ቲኬት፣ የእውነተኛ ደመወዝ ጭንቀት ተሸክሞ ኖረ። ቨርቹዋል ቦይ ላይ የቀረው የጌሙ ወንድም ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላሰበም። ልጆቻችሁን በየትኛው ምሳሌ እንደምታሳድጉ ለእናንተ ትቻለሁ።

«በቅርብ ቀን» የሚባለው ሙያ ከዚያ ወዲህ ገስግሷል። ድሮ ጌሙ ባይኖርም ማሽኑ ይኖር ነበር፤ ዘመናዊዎቹ ማሽኑንም ተገላገሉት። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1993 ጃጓር የተባለ የጌም ማሽን አውጥቶ ነበር፤ በ1995 ማብቂያ ላይ 100,000 ያህሉ ሳይሸጥ መጋዘን ተኝቶ ቀረ። የጃጓር ሳጥን የሚቀረጽበትን ሻጋታ በኋላ የጥርስ ሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ገዝቶ ለጥርስ ካሜራ ሽፋን ተጠቀመበት። ማሽኑ በመጨረሻ ሰው አፉን የሚከፍትለት ሥራ አገኘ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሻጋታው ግን እንደገና ተሸጠ፤ በ2016 «ኮሌኮ ካሚሊየን» የተባለ አዲስ ማሽን ሆኖ ኒው ዮርክ የመጫወቻ ትርዒት ላይ ቀረበ። ዓይነ ሹሎች ከኋላው ሲያዩት ውስጡ የተሸጎጠው የጥንቱ ሱፐር ኔንቴንዶ መሆኑን ደረሱበት። ባለቤቶቹ አላፈሩም፤ ሳጥኑ ብርሃን የሚያሳልፍ የሆነ ሌላ ፎቶ አወጡ። ውስጡ ያለው ሰሌዳ ለጥበቃ ካሜራ ምስል መቅጃ የሚሆን የኮምፒዩተር ካርድ ሆኖ ተገኘ። በማርች 2016 ስሙን ያዋሰው ኮሌኮ የተባለው ድርጅት ስሙን መልሶ ወሰደ፤ ነገሩም ሞተ። ካሚሊየን ማለት እስስት ነው፤ እዚህም መልአኩ ቃሉን አላጠፈም።

ሰው ግን የማይወደው ነገር የለም። ቨርቹዋል ቦይን በዕድሜው ገፍትረው የጣሉት እጆች ዛሬ እንደ ታቦት ያነሡታል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሳይሸጥ የቀረው «ባውንድ ሃይ» የተባለ ጌም በ2010 በአፍቃሪዎች እጅ ለሰው ደረሰ። ይህን ፍቅር የሰማው ባለቤቱ ደግሞ ዝም አላለም። በሴፕቴምበር 2025 ኔንቴንዶ የቨርቹዋል ቦይ ጌሞችን በስዊች ላይ እንደሚመልስ አስታወቀ። ጌሞቹን ለማየት የድሮውን ማሽን የሚመስል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ አንገት የሚያስጎነብስ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ። አቅም ለሌለው ደግሞ በ25 ዶላር ገደማ የካርቶን አለ። ካርቶን ነው የምላችሁ። በ1995 ዕቃው የተሸጠው ከካርቶን ውስጥ ወጥቶ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ታስቦበት ካርቶኑ ራሱ ዕቃ ሆነ።

ከሚመጡት መካከል በ1996 ሳይወጡ የቀሩ ሁለት ጌሞች መኖራቸውን ሰማሁና ልቤ ድንግጥ አለ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አንደኛው የእሽቅድምድም ነው፤ ሁለተኛው ዘንዶ የሚዘልበት። ታጋዮቹ የሉም። ሁለቴ አነበብኩት፤ የሉም። ተመስገን ብዬ አንገቴን ቀና አደረግሁ።